«ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» የምንለው የጉሮሮ ሕመም እና የልጆቻችን ልብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የጓሳን ደጋ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርሰው በዚህ የመንዝ ከፍታ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ በጀሪካን ያደረ ውሃ ጣት ያደነዝዛል። በጓሳ ሣር በተከደነው ቤት ውስጥ ቤተሰቡ እሳቱን ከቦ ይተኛል፤ የኩበቱና የአስታው ጭስም ከሰው ጋር አብሮ ያድራል። በዚህ ወቅት ከልጆች አፍ የማይጠፋ ቃል ቢኖር «ጉሮሮዬን» የሚለው ነው።

የወላጅ መልስም የተለመደ ነው፤ «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል»። እውነትም አብዛኛው ያልፋል። ነገር ግን አልፏል ብለን ከተውነው መካከል ከጉሮሮ ወጥቶ ልብ ውስጥ የሚገባ አለ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በመምህርነት ሳለን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። ጎበዝ ነበረች፤ ከሩቅ ቀበሌ እየተመላለሰች ትማር ነበር። ከጊዜ በኋላ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀመጥ ጀመር። «ሰነፍሽ እንዴ?» እያልን እንቀልድባት ነበር፤ አላህ ይማረን። እናቷ በመጨረሻ ወደ ሐኪም ወሰዷት። የልቧ ቫልቭ እንደተጎዳ ተነገራቸው። ሐኪሙ ጉሮሮዋን ያማት እንደነበር ሲጠይቃቸው «ቶንሲል በየዓመቱ ይይዛታል፤ እሱ ደግሞ ምን ሊያደርጋት?» አሉ። እኛም መምህራን ሆነን ሳለ የሁለቱን ግንኙነት አናውቅም ነበር።

ዛሬ የምናውቀውን ለእናንተ፣ በተለይም ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን እንዲሁም ለወላጆቻቸው እናካፍላለን።

ጉሮሮ ለምን ይታመማል?

ቶንሲል የበሽታ ስም አይደለም። በጉሮሯችን ግራና ቀኝ አላህ ያስቀመጣቸው ሁለት እጢዎች ስም ነው። ሥራቸው በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ተህዋስ ቀድሞ ተቀብሎ መታገል ነው። በትግሉ ላይ ሲሆኑ ያብጣሉ፣ ይቀላሉ፣ ያማሉ። በመካከል የተንጠለጠለችው እንጥልም አብራ ልታብጥ ትችላለች። ሰዎች «እንጥሉ ወረደ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

አብዛኛውን የጉሮሮ ሕመም የሚያመጡት ከጉንፋን ጋር የሚመጡ ቫይረሶች ናቸው። በልጆችና በወጣቶች ላይ ግን ሐኪም ዘንድ ከሚቀርበው የጉሮሮ ሕመም ከ100 ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ይህ ባክቴሪያ በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው።

ብርዱስ? ብርድ ብቻውን ይህን ባክቴሪያ አይፈጥርም። ብርዱ የሚያደርገው ሰዎችን በአንድ ጠባብ ቤት፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል፣ በአንድ ባና ሥር መሰብሰብ ነው። ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በሳል፣ በማስነጠስና በምራቅ ነውና መጨናነቅ ይመቸዋል። ጭሱ ደግሞ ጉሮሮን ያቆስላል፣ ያደርቃል። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ ሌላ ከተማ ወርደው አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩ ተማሪዎች ይህ ሁሉ አለባቸው፤ በዚያ ላይ «ልውሰድህ» የሚል ወላጅ አጠገባቸው የለም።

የትኛው እንደሆነ እንዴት እንገምታለን?

ሙሉ በሙሉ መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ግን የጤና ባለሙያዎች የሚያዩዋቸው ምልክቶች አሉ።

ወደ ቫይረስ የሚያመለክቱት፦ ንፍጥ፣ ሳል፣ የድምፅ መጎርነን፣ የዓይን መቅላት ናቸው። ይህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ ቢወሰድም አይጠቅመውም።

ወደ ባክቴሪያ የሚያመለክቱት ደግሞ፦ በድንገት የጀመረ ሕመም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል መታየት፣ ከመንጋጋ ሥር በአንገት ፊት ለፊት ያሉት ንፍፊቶች አብጠው ሲነኩ ማመማቸው፣ እንዲሁም ሳል አለመኖሩ ናቸው። ምራቅ ሲዋጥ እንኳ እንደ እሾህ ይወጋል። ራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሊጨመሩበት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ሳልና ንፍጥ ያለበትን ልጅ «ከባድ ጉንፋን ያዘው» ብለን እንጨነቃለን፤ ሳል የሌለው፣ ጉሮሮውን ብቻ የሚያመውን ግን «ቀላል ነው» እንላለን። ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለበት ይበልጡን ሁለተኛው ነው።

ከጉሮሮ ወደ ልብ

ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመዋጋት መከላከያ ያዘጋጃል። የዚህ ባክቴሪያ አካል በአንዳንድ ገጽታው ከልባችንና ከመገጣጠሚያዎቻችን ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በጥቂት ሰዎች ላይ መከላከያው ጠላትና ወዳጅ መለየት ያቅተውና የራሱን ልብ ይመታል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል።

የሚመጣው ጉሮሮው እያመመ ሳለ አይደለም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ልጁ ድኗል ተብሎ፣ ትምህርቱን ጀምሮ፣ ጉሮሮው ከተረሳ በኋላ ማለት ነው። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከክርን ወደ አንጓ የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ እብጠትና ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሲራመዱ ትንፋሽ ማጠር ናቸው። በአንዳንዶች ላይ እጅና ፊት ያለ ፈቃድ ይወራጫል። ይህን የመጨረሻውን አይተው «ጂን ነው» ብለው ወደ ሩቅያ ብቻ የሚሮጡ ቤተሰቦች አሉ። ሩቅያ ሱና ነው፤ ከሐኪም አያግድም። ቁርኣን እየቀራንበት ወደ ሆስፒታል እንውሰደው።

የሩማቲክ ትኩሳት ሲደጋገም የልብ ቫልቮች ይጠባሉ ወይም አልዘጋ ይላሉ። ይህ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በዓለም 55 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ ድሃ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚሁ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል።

በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚታዩት የልብ ሕመሞች ዋነኛው ይህ ነው። የሕጻናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ማዕከልን የመሠረቱትም ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ነበር። ማዕከሉ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ይገኛል። የልብ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ተራ የሚጠብቅ ልጅ ያለውን ቤተሰብ ያየ ሰው፣ «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» የሚለውን ቃል ዳግመኛ በቀላሉ አይናገረውም። ልጁ ያጣው ነገር አንድ መርፌ ሊሆን ይችላልና።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ጊዜ ግን አለው

አልሐምዱሊላህ፣ ለዚህ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ከተገኘ ጀምሮ እስከ ዛሬ ብዙ ተህዋሲያን መድኃኒት ሲለምዱ ይህኛው ለፔኒሲሊን እጁን እንደሰጠ ነው። ሕክምናው በሁለት መንገድ ይሰጣል።

አንደኛው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል አንድ መርፌ ነው፤ መጠኑ በክብደት ይወሰናል። ጤና ተቋም ለራቀበት፣ መድኃኒት በሰዓቱ ለመውሰድ ለሚቸገር ተማሪ ይህ ይመረጣል። ሁለተኛው በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ሲሆን ለ10 ቀናት ይወሰዳል። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን አሳክኮት፣ አሳብጦት ወይም ትንፋሹን አሳጥሮት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር አለበት፤ ሌላ መድኃኒት ይሰጠዋል። መርፌ የተወጋ ሁሉም ወዲያው ወደ ቤቱ ከመሄድ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቢቆይ መልካም ነው።

ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ይህ ሕክምና ከተጀመረ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን ዘገየሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለም፤ «እስከ ገበያ ቀን ልቆይ፣ እስከ ወር መጨረሻ ልቆይ» ማለት ግን አደጋ አለው።

ሌላው ችግር መድኃኒቱን በሦስተኛው ቀን ማቆም ነው። ሕመሙ በ2 እና በ3 ቀን ይሻላል፤ ባክቴሪያው ግን አልሞተም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየው ቄሮ በሚባለው ሥርዓቱ ነው፤ ሣሩ ጊዜው ሳይደርስ አይታጨድም። የ10 ቀኑም መድኃኒት እንደዚሁ ነው፤ ቀኑ ሳይሞላ አይቋረጥም። የተረፈ ፍሬ ለወንድም ማስቀመጥ፣ ከጓደኛ ተቀብሎ ሁለት ፍሬ መዋጥ ሕክምና አይባልም። ከሱቅ ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝቶ የሚወሰደው ቴትራሳይክሊንም ይህን ባክቴሪያ ለማጥፋት የሚታመን አይደለም።

የሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት እንዲወስድ ይታዘዛል። ይህ መርፌ የተጎዳውን ቫልቭ ባያድስም ጉዳቱ እንዳይደገም ይጠብቃል። «ደኅና ሆኜ ሳለ ለምን እወጋለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ደኅና የሆንከው እየተወጋህ ስለሆነ ነው የሚል ነው።

የመጀመሪያው በር ቅርብ ያለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የልጁን ሕክምና በዚያው ሊያገኝ ስለሚችል መታወቂያውን በየዓመቱ ማሳደስን አይርሳ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የቤት እንክብካቤ ሕመሙን ያስታግሳል። በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው የተበጠበጠ ለብ ያለ ውሃ አንድ ብርጭቆ በቀን ጥቂት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት ጥሩ ነው። ትኩስ የገብስ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በሜዳችን የሚበቅለው የጦስኝ ሻይ ከማር ጋር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሰውነትም ውሃ እንዳያንሰው ያደርጋል። ማር ፈውስ ያለበት መሆኑን ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል ነግሮናል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕጻን ግን ማር አይሰጥም። ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይወሰዳል። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ዳማከሴ በየቤታችን አሉ። አንነቅፋቸውም። ግን ባክቴሪያው ልብ እንዳይደርስ የማገድ ሥራ የፔኒሲሊን ነው። ጦስኙን እየጠጣን ጤና ጣቢያ እንሂድ።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ

በአካባቢያችን ጉሮሮው የታመመን ልጅ በምላጭ እንጥሉን ማስቆረጥ፣ ወይም ቶንሲሉን በጣት ማስቧጠጥና ማፍረጥ ዛሬም አልቀረም። ይህ ድርጊት ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉን ያመረቅዛል፤ ንጽሕና በሌለው ምላጭና ጥፍርም መንጋጋ ቆልፍንና በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል። ባክቴሪያውን ግን አያጠፋውም። በላዩ ላይ ቤተሰቡ «ታክሟል» ብሎ ስለሚያስብ ያ የ9 ቀን ዕድል ያልፋል።

በዚህ ጉዳይ ሱናው ዝም አላለም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን (ረ.ዐ) የልጃቸውን የጉሮሮ ሕመም በጣት በመጫን ካከሙት በኋላ ይዘውት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን በዚህ መንገድ ማሠቃየትን ነቀፉ፤ ሥቃይ የሌለበትን የዘመኑን መድኃኒትም አመላከቱ። ከ1400 ዓመት በፊት የተነቀፈው፣ ዛሬ በየመንደራችን «የአባቶች ልማድ» እያልን ከምናደርገው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ እንበል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስም ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ተነግሯል። ስለዚህ ቆራጩም አስቆራጩም አላህን ይፍሩ።

ሕክምና መፈለግ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች መታከም ይችሉ እንደሆነ በጠየቋቸው ጊዜ እንዲታከሙ አዘዋል። ፈውስ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ከእኛ ነው።

ጾም፣ ውዱእ እና መድረሳ

በረመዷን ጉሮሮው የታመመ ወጣት ሕክምናውን እስከ ዒድ ማቆየት የለበትም። በትኩሳት የተያዘና ጾሙ የሚጎዳው ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ቁርኣን ፈቅዶለታል። መጾም የሚችል ከሆነ ደግሞ ምግብነት የሌለው የጡንቻ መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለሞች ይናገራሉ። አሞክሳሲሊንም በቀን ሁለት ጊዜ ሊታዘዝ ስለሚችል ሐኪሙን «በኢፍጣርና በሱሁር ልውሰደው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የጨው ውሃ መጉመጥመጡን ወደ ሌሊት እናዛውረው።

ለሱብሂ ውዱእ ውሃውን ማሞቅ የሚችል ያሙቅ፤ ይህ ድክመት አይደለም። የጉሮሮ ሕመም ስላለ ብቻ ወደ ተየሙም አይኬድም። ሆኖም ማሞቂያ ያጣና ቅዝቃዜው ጉዳት እንደሚያደርስበት በእውነት የሚፈራ ሰው ተየሙም ማድረግ ይችላል። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በብርዳማ ሌሊት ጀናባ በሆኑ ጊዜ ነፍሳቸውን ፈርተው ተየሙም አድርገው እንደሰገዱና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልነቀፏቸው ተዘግቧል።

በመድረሳም ሆነ በትምህርት ቤት የታመመ ልጅ ሕክምና ከጀመረ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እስኪያልፈው ቤቱ ይረፍ፤ ከዚያ በኋላ ማስተላለፉ በእጅጉ ይቀንሳል። ሲያስነጥሱ አፍን መሸፈን፣ በመጠጫ ዕቃ ውስጥ አለመተንፈስ ሱናዎቻችን ናቸው። በአንድ ጣሳ ተቀባብሎ መጠጣትን፣ አንዱን መፋቂያ ወይም ሲዋክ ለሁለት መጠቀምን እንተው። ኡስታዞችም ልጆቹ በሚቀሩበት ክፍል መስኮቱን ይክፈቱ።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል

እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም፦ ትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍሱ የሚያሰማ ድምፅ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶ መዝረክረክ፣ አፍ መክፈት አለመቻል፣ በአንድ ወገን ብቻ የበረታ ሕመምና የታፈነ ድምፅ፣ የአንገት መደደር ወይም ትልቅ እብጠት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል መቋጠሩን ያመለክታሉ፤ ይህም በወጣቶች ላይ ይበዛል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ባሉት ሳምንታት የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሻይ የመሰለ ሽንት ካየን ደግሞ በዚያው ቀን እንሂድ፤ ባክቴሪያው ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላልና። ከሳምንት በላይ የቆየና ከብርቱ ድካም ጋር የመጣ የጉሮሮ ሕመምም መታየት አለበት።

ለእናንተ ለወጣቶቹ

ከቤት ርቃችሁ የምትማሩ ልጆቻችን፣ ስለ ራሳችሁ መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ፈተና ደረሰ ብላችሁ፣ ወላጆቼን ላስጨንቅ አልፈልግም ብላችሁ፣ ለመታከሚያ የሚሆነውን ብር ለደብተር እያላችሁ አትደብቁ። ለአንድ መምህር፣ ለአንድ ኡስታዝ ወይም ለቤት አከራያችሁ እትዬ ንገሩ። የክፍል ጓደኛችሁ ዳገት ላይ ሲቀመጥ ካያችሁት «ሰነፍክ» አትበሉት፤ «ባለፈው ወር ጉሮሮህን አሞህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ እኛ በጊዜው አልጠየቅነውም። እናንተ ከጠየቃችሁት የአንድ ሰው ልብ ታተርፉ ይሆናል።

ወላጆችም፣ የመስጂድ ኢማሞችም፣ ይህን መልእክት ከጁሙዓ በኋላ ለአንድ አፍታ ለጀመዓው ብታካፍሉ አጅሩን አላህ ይከፍላችኋል። የልጆቻችን አካል በእኛ ላይ የተጣለ አማና ነው።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፣ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።